ለሚኒስትሩ ወይስ ለወረዳው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ለክቡር ሚኒስትሩ ብናመለክትስ?» በዚህ ዙር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚያልቁት በዚህች ጥያቄ ነው። ሰላም ሚኒስቴር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1097 ሲቋቋም፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263 ሲደራጅ የሃይማኖት ጉዳይ በእጁ ቆይቷል። ከዚያ በፊት ሥራው የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር፣ ከእርሱም በፊት የፍትሕ ሚኒስቴር ነበር። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ፣ ከመጀመሪያዋ ሚኒስትር ከወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ጀምሮ፣ በዚህች አንቀጽ ታጥሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከመልሶቻችን ገሚሶቹ «እዚያ አይሂዱ፣ እዚህ ይሂዱ» የሚሉ ቢሆኑ አይደነቅ።

60 የምንሆን ምእመናን በኪራይ ቤት እንሰበሰባለን። የአምልኮ ፈቃድ ለማውጣት ወረዳውን ስንጠይቅ «አዲስ አበባ ሂዱ» ተባልን። ምን ይዘን እንሂድ? — ከአዳማ

ለማምለክ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አንቀጽ 27 ይበቃችኋል። እናንተ የምትፈልጉት ሕጋዊ ሰውነት ነው። እርሱ ከሌለ በጉባኤው ስም የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ውል መፈረም፣ መክሰስና መከሰስ አይቻልም። ገንዘቡ በአንድ ሽማግሌ የግል ደብተር ይቀመጣል፤ ሽማግሌው ሲያርፍ ወይም ሲኳረፍ ደግሞ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

ምዝገባው የሚፈጸመው በሰላም ሚኒስቴር ነው። በሃይማኖት ተቋምነት ለመመዝገብ የሚጠየቀው የመሥራቾች ቁጥር 50 ሲሆን በማኅበርነት ከሆነ 15 ነው። የእናንተ 60 ይበቃል፣ ግን ብዙ አይተርፍም፤ 11 ሰው መታወቂያው ጊዜው አልፎ ከተገኘ ወይም መፈረም ከተወ ከቁጥሩ በታች ትወርዳላችሁ። ለፊርማ ከመቀመጣችሁ በፊት መታወቂያዎቹን በሙሉ ሰብስባችሁ አገላብጡ።

ይዛችሁ የምትሄዱት ማመልከቻ፣ የመመሥረቻ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾቹ ማንነትና አድራሻ እንዲሁም የምትጠቀሙበት ስምና ዓርማ ነው። ስሙና ዓርማው በጋዜጣ ይወጣል። ተቃዋሚ ካልቀረበ ምዝገባው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ይቀርባል፤ ምዝገባው ደግሞ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፣ ሳይታደስ ካለፈ ቅጣት አለው። ቅጾቹ ስለሚለዋወጡ ከመጓዛችሁ በፊት የወቅቱን ዝርዝር ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። የአዳማና የአዲስ አበባ መንገድ ቅርብ ነው ተብሎ ሦስት ጊዜ መመላለስ አያስፈልግም።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ ስሙ ላይ። ቀድሞ ከተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን ስም ጋር በአንዲት ቃል ብቻ የሚለይ ስም በጋዜጣ ሲወጣ ተቃዋሚው ወዲያው ይመጣል። ቀጥሎ ቃለ ጉባኤው ላይ፤ በጉባኤው የተጻፈው ስም «ተስፋዬ»፣ በመታወቂያው ያለው «ተስፋየ» ከሆነ ወረቀቱ ይመለሳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ፋይል ከሚያስመልሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መተዳደሪያ ደንቡን ከሌላ ማኅበር ገልብጦ ማቅረብ ነው። ቢሮው ሊቀበለው ይችላል፤ ችግሩ የሚፈነዳው ከዓመታት በኋላ፣ ጉባኤው ለሁለት ሲከፈል ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በገዛ ቃላችሁ ጻፉ፦ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ይበቃሉ ወይስ ሦስቱም? መሪ የሚነሣው በስንት ድምፅ ነው፣ ጉባኤውንስ ማን ይጠራል? ብንለያይ ወንበሩ፣ ኪቦርዱ፣ ቦታው ለማን ይቀራል? ሦስተኛውን ለመጻፍ ማንም ደስ አይለውም፣ በምሥረታ ቀን ስለ ፍቺ ማውራት ሟርት ይመስላልና። ቢሆንም ይጻፍ።

መዋዕለ ሕፃናት ወይም ክሊኒክ ለመክፈት ካሰባችሁ ያ ክፍል ለብቻው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል። የአምልኮውና የልማቱ ሒሳብ በአንድ ደብተር አይገናኝም።

«ሌሎቹ ለምን አይመዘገቡም?» ብላችሁም ጠይቃችኋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ሰውነቷ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 398 የተጻፈ ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው በአዋጅ ተቋቁመዋል። ወደ ካውንስሉ ለመግባት ካሰባችሁ የእርሱን መስፈርት በጎን ጠይቁ።

ቤታችን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ መካከል ነው። በሁለቱም ወገን የጾም ወራት ሞንታርቦው ሌሊቱን ሙሉ ያስተጋባል። አራስ ነኝ። ለሰላም ሚኒስቴር ልጻፍ? — ከደሴ

እንኳን ማርያም ማረችዎት። ለሚኒስቴር አይጻፉ፤ ደብዳቤዎ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ወረዳ እስኪወርድ ልጅዎ ድክ ድክ ማለት ይጀምራል።

የድምፅ ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው። በአገሪቱ መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ ለቡና ቤትም፣ ለወፍጮ ቤትም፣ ለእምነት ቤትም አንድ ነው። በስልክዎ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ጭነው፣ ከስፒከሩ ሥር ሳይሆን ከመኝታ ቤትዎ መስኮት ላይ፣ በሦስት የተለያዩ ሌሊቶች ሰዓቱን እየጻፉ ይለኩ። የስልክ ልኬት ማስረጃነቱ ደካማ ነው፤ ለውይይት ግን «በጣም ይጮኻል» ከማለት ይሻላል።

ወረቀቱን ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሰበካ ጉባኤውና ወደ መስጊዱ ኮሚቴ ነው፣ በአንድ ቀን ወደ ሁለቱም። ወደ አንዱ ብቻ ሄደው ከሆነ ነገሩ ከድምፅ ወደ ሃይማኖት ይዞራል። ብቻዎን አይሂዱ፤ አንድ ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም ጎረቤት ይከተሉዎት። ፊርማ ካሰባሰባችሁም የሁለቱም ወገን ስም ተቀላቅሎ ይፈረም። የአንድ ወገን ስም ብቻ የተደረደረበት አቤቱታ በከተማው ውስጥ በፎቶ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ አራስ ልጅ የሚያስታውስ የለም።

ምን ብለው ይጠይቁ? «አጥፉት» አይበሉ። አዛን የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው፣ የቅዳሴ ደወልም እንዲሁ። እንቅልፍ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ለሰዓታት የሚቀጥለው ስብከት፣ ማኅሌትና ዳዕዋ በውጭ ስፒከር ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ጥሪው በውጭ፣ የቀረው በውስጥ ስፒከር እንዲሆን ይጠይቁ። ይህን የማይቀበል ኮሚቴ ብዙ አይደለም፣ ምክንያቱም ማንም ጥሪውን አልነካበትም።

የስፒከሩን አሰቃቀልም ይዩ። በአራቱ ማዕዘን ወደ ውጭ የዞሩ አራት ሆርኖች በረጅም ምሰሶ ላይ ካሉ ድምፁ ከግቢው ምእመን ራስ በላይ አልፎ ሦስተኛው ሰፈር ላይ ያርፋል። አፋቸው ወደ ግቢው ውስጥ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ቢል ግቢው የበለጠ ይሰማል፣ ጎረቤትም ያርፋል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ከእርስዎ መስኮት 20 ሜትር ላይ ያለው ሆርን ወደ 40 ሜትር ቢሸሽ ልዩነቱ ይታወቃል። ሚክሰሩን የሚነካው ልጅ አንድ ይሁን፣ የድምፁ ቁልፍም የሚቆምበት በፕላስተር ምልክት ይደረግበት። ሁሉም የመጣ ሰው እየጨመረ ነው ጩኸቱ የሚያድገው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በራሱ መሣሪያ እንዲለካ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ለ12 ዓመት የምንሰግድበት ቦታ ካርታ የለውም። ይፈርሳል እየተባለ ነው። ሚኒስትሩ ያስቆምልን ይሆን? — ከሸገር ከተማ

አያስቆምም፤ ሰላም ሚኒስቴር የሚያድለው መሬት የለውም። መሬት የሚያስተዳድረው ክልሉና ከተማው ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱ ቁጣው አዲስ አበባ አንዋር መስጊድ ድረስ ደርሶ የሰው ሕይወት መጥፋቱን ታስታውሳላችሁ። የዚያን ጊዜም ክርክሩ የተነሣው ከከተማ ፕላንና ከይዞታ ወረቀት ነበር።

አመልካቹ ተቋሙ እንጂ ግለሰብ አይሁን። እናንተ በወረዳው እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በኩል፣ በተቋሙ ማኅተም ለከተማው መሬት አስተዳደር ታመለክታላችሁ። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ለአምልኮ ቤት ቦታ የሚሰጠው በጨረታ ሳይሆን በምደባ ነው፤ ስለዚህ በማመልከቻው ላይ «በምደባ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ። ከ12 ዓመቱ ያላችሁን ሁሉ አያይዙ፦ የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ ከወረዳው የተጻፈላችሁ ማናቸውም ደብዳቤ፣ ቦታውን የሰጣችሁ ገበሬ ካለ ውሉ። ያስገባችሁት ወረቀት ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሳይመታበት ከቢሮው አትውጡ።

ሌሊት በቆርቆሮ ማጠር፣ አርብ ጠዋት መሠረት መጣል፣ «ከተሠራ በኋላ አያፈርሱትም» ማለት ከሁሉም ወገን የተለመደ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰበትም ይኸው መንገድ ነው።

የቤተ እምነታችንን አመራር ሚኒስትሩ ሊያግድ ወይም ምርጫውን ሊሰርዝ ይችላል? — ከሐዋሳ

በሕግ አይችልም። በተግባር መንግሥት እጁን ያስገባበት ጊዜ ነበር፣ ውጤቱንም አይተነዋል።

በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት የተቀጣጠለው የሙስሊሞች ተቃውሞ ሥሩ ይኸው ነው፤ መንግሥት አንድን አስተምህሮ ከሌላው አስበልጦ በመጅሊሱ በኩል እንዲሰጥ ደግፏል የሚል። የመጅሊሱ ምርጫ በቀበሌ መካሄዱም ሌላ ቅሬታ ሆነ። «ድምፃችን ይሰማ» ያሉት ታሰሩ። ሽማግሌ ገብቶ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሁሉንም ወገን ያቀፈ የሽግግር ምክር ቤት እስኪሰየም ሰባት ዓመት ፈጀ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሸይኽ ሐጂ ኢብራሂም ቱፋ የተመረጡበት ጉባኤ ተደረገ፣ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ምርጫው በየመስጊዱ ተካሄደ። ከቀበሌ ወደ መስጊድ መመለሱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሳጥኑ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ የምርጫው ባለቤት ማን እንደሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የ2015ቱ ነው። ጥር 14 ቀን በወሊሶ አካባቢ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾምን ሲሉ ቅዱስ ሲኖዶስ ከአራት ቀን በኋላ አወገዛቸው። በሻሸመኔ ሰዎች ሞቱ። የዚያን ጊዜ የተጠየቀው «መንግሥት ከማን ጋር ነው?» የሚል ነበር፣ ጥያቄውም የተነሣው የጸጥታ ኃይሉ በአንዳንድ ቦታ አድሎ አሳይቷል በመባሉ ነው። የሹመቱን ቀኖናዊነት የወሰነው ግን ሲኖዶሱ እንጂ ሚኒስቴር አይደለም። የካቲት 8 ቀን በ10 ነጥቦች ስምምነት ተፈረመ።

ከሁለቱ የምንወስደው መለኪያ ይህ ነው። ሚኒስትሩ ወገኖቹን ጠርቶ ሊያነጋግር፣ አደራዳሪ ሊያገኝ፣ የጸጥታ አካላት ሁሉንም እኩል እንዲጠብቁ ሊያሳስብ ይችላል። «ትክክለኛው ፓትርያርክ፣ ትክክለኛው ሙፍቲ፣ ትክክለኛው ፓስተር እገሌ ነው» ብሎ ሲናገር ግን ሥልጣኑን አልፏል። የእናንተ ክርክር ደንባችሁ ስለ ምርጫ የሚለውን መጣስ ከሆነ ቃለ ጉባኤውን፣ የመራጮች ዝርዝሩን፣ ደንቡን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ የበላይ ጉባኤ፣ ካልሆነም ስለ ንብረትና ስለ ውክልና ብቻ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት። ፍርድ ቤቱ «ማኅተሙ በማን እጅ ይሁን?» የሚለውን ይዳኛል። «ትምህርቱ ልክ ነው ወይ?» የሚለውን ግን አይዳኝም፤ አቤቱታችሁ ውስጥ ካስገባችሁት ፋይሉን ራሳችሁ አዳከማችሁት።

በአርብ ቀን ለጁምዓ ሁለት ሰዓት ዕረፍት ሕግ ነው ወይስ ችሮታ? የምሠራው በግል ፋብሪካ ነው። — ከጅማ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአርብ ምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። የግል ድርጅት ይህን እንዲከተል አይገደድም። በፈረቃ ስለምትሠሩ ከአለቃችሁ ጋር የሚካካስ ሰዓት ተስማሙና በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስጽፉት፤ በቃል የተፈቀደ ሰዓት ሱፐርቫይዘሩ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

አንድ ሰው በቲክቶክ እምነታችንን እየሰደበ «ውጡባቸው» ይላል። ሚኒስቴሩ ለምን ዝም ይላል? — ከባሕር ዳር

ሚኒስቴሩ ከሳሽ አይደለምና። ሁለት ሕጎች አሉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 የሃይማኖት ሰላምንና ስሜትን መንካት ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት ያስቀምጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው።

ንግግሩን ግን ይለዩት። «የእናንተ ትምህርት ስህተት ነው» ማለት፣ ቢያናድድም፣ ስብከት ነው። «ውጡባቸው፣ ከሰፈራችን አባርሯቸው» ማለት ግን ሌላ ነው። አቤቱታዎ ላይ ሁለተኛውን ብቻ ይጥቀሱ፤ አምስት ስድብና አንድ ማነሣሣት ተቀላቅሎ ከቀረበ መርማሪው ስድቡን ይዞ «ግለሰባዊ ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ቪዲዮው ሳይጠፋ ያስቀምጡት። የገጹን ሙሉ አድራሻ፣ የተለቀቀበትን ቀንና ሰዓት፣ ቃሉ የተነገረበትን ደቂቃ ይጻፉ፤ ስክሪኑን ከስሙ ጋር ይቅረጹ፤ ወደ ፍላሽ ገልብጠው ከአቤቱታው ጋር ያስገቡ። ለጓደኛ «እዩት ምን እንደሚል» እያሉ አያሰራጩት። ማሰራጨት የእርሱን ሥራ መሥራት ነው፣ ደግሞም በእርስዎ ላይ ሊቀርብ ይችላል።

በሥራ ቦታ ከአገሬ ልጆች ጋር በመኝታ ክፍላችን ቅዳሜ ማታ እንጸልያለን። እዚህ «የመቻቻል ሚኒስትር» አለ ሲባል ሰማሁ፤ ፈቃድ እርሱ ጋ ይጠየቃል? — ከዱባይ

አይደለም። የኤምሬትስ የመቻቻል ሚኒስትር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋቁሞ አሁን በሼኽ ናህያን ቢን ሙባረክ ይመራል። ሥራው አብሮ የመኖር ፕሮግራሞችን ማዘጋጀትና የእምነት መሪዎችን ማገናኘት ነው። ሙስሊም ላልሆኑ የአምልኮ ቤቶች የወጣው የ2023ቱ የፌዴራል ሕግ ፈቃድን ይጠይቃል፣ ፈቃዱን የሚይዘው ደግሞ በዱባይ የማኅበረሰብ ልማት ባለሥልጣኑ ነው። ጥቂት ሆኖ በክፍል ውስጥ መጸለይና ሰው እየጠሩ፣ ገንዘብ እየሰበሰቡ፣ በድምፅ ማጉያ ጉባኤ ማካሄድ ልዩነት አላቸው፤ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ያስጠይቃል። ፈቃድ ባላቸው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢዎች ውስጥ በሰዓት የሚያስተናግዱ አሉ፤ ካህናቱን ወይም ሰበካውን ጠይቁ። ወረቀት የሌለው ወይም ውሉ ላይ ችግር ያለበት ወንድም ካለ ደግሞ ወደ ሕዝብ ጉባኤ ሲመጣ የሚገጥመውን እርሱ አስቀድሞ ይወቅ።

በቀበሌያችን የሁሉም እምነት ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁመን ነበር፣ ከሁለት ስብሰባ በኋላ ፈረሰ። ምን አጠፋን? — ከወሎ

የላካችሁልንን ቃለ ጉባኤ አይተነዋል። 31 አባላት፣ ሰብሳቢው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አጀንዳው «ሰላምን ማስፈን»። 31 ሰው ኮሚቴ አይደለም፣ ጉባኤ ነው። ሊቀመንበሩ ሲሰበስብ ደግሞ ሰው የሚያዳምጠው የመንግሥት መመሪያ መስሎት ነው።

በብሔራዊ ደረጃ ያለው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በ2003 ዓ.ም. ሲመሠረት የተቋማቱ የራሳቸው ማኅበር ሆኖ ነው፤ ሰላም ሚኒስቴር አብሮት ይሠራል እንጂ አይሰበስበውም። በቀበሌ ደረጃም እንደዚያው አድርጉት። 7 ወይም 9 ሰው ይበቃል፤ ከየቤተ እምነቱ ሁለት ሁለት፣ አንድ የዕድር ዳኛ፣ ቢያንስ ሁለት ሴቶች። ሴቶቹን ለቁጥር አታስገቡ፤ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ወፍጮ ቤትና ቡና ላይ ነው። ሰብሳቢነቱ በየሦስት ወሩ ይዙር። ወረዳው በታዛቢነት ይጠራ፣ አበል አይጠየቅ። አበል የጀመረ ኮሚቴ አበሉ ሲቆም ይቆማል።

አጀንዳው ደግሞ «ሰላም» አይሁን፣ የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ይሁን። የጥምቀት ታቦት የሚያልፍበት መንገድ፣ የዒድ ሶላት ሜዳ፣ የመውሊድ ሰልፍ፣ የወንጌል ኮንፈረንስ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ፣ የመቃብር ቦታ ወሰን። ከእያንዳንዱ 3 ሳምንት በፊት ተገናኙና መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ታቦቱ ከመስጊዱ ፊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ፣ የዚያን ሰዓት አዛን እንዳለና እንደሌለ፣ ማን ሞንታርቦውን እንደሚያወርድ በወረቀት ላይ ተስማሙ። በየወገኑ ሌሊትም ስልኩ የማይዘጋ አንድ አንድ ሰው መድቡ። «መስጊድ ተቃጠለ»፣ «ታቦት ተደፈረ» የሚል ወሬ ሲመጣ ሁለቱ አብረው ቦታው ድረስ ሄደው ያዩትን አብረው ይናገራሉ። አንዱ ብቻውን ሄዶ «ውሸት ነው» ቢል ወገኑን ደግፎ ነው ይባላል።

የፈረሰውን በአዲስ ስም ከመጀመር የነበሩትን ሽማግሌዎች ከ31ዱ ውስጥ መርጣችሁ በ9 ቀጥሉ። የቀሩት 22ቱ እንዳይቀየሙ በዓል ሲሆን አስተናጋጅነት ይሰጣቸው። የመጀመሪያውን ስብሰባ ቀበሌ አዳራሽ ሳይሆን የአንዱ ሽማግሌ ቤት አድርጉት፣ ቡና እየተፈላ።